የወንዶችና የሴቶች ተማሪዎች የልብ ምት፦ ከእንቅስቃሴ በፊትና በኋላ በትክክል እንዴት ይወዳደራል?

የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ሲቃረብ ይህን ርዕስ የሚመርጥ ቡድን አይጠፋም። ቢመርጡትም አይገርምም። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ ሰዓትና ሁለት ጣት ካለ ይጀመራል። ጣጣው የሚመጣው ቀላል ስለሚመስል ነው። አምስት ወንድና አምስት ሴት ሜዳ ይሮጣሉ፣ ምት ይቆጠራል፣ አማካይ ይወጣል፣ ከዚያ «የሴቶች ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል» ተብሎ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። መምህሩ «እንዴት አወቃችሁ?» ሲሉ ግን ሁሉም ጓደኛውን ያያል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲኖራችሁ ነው። ያሰብኩት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሆንም የባዮሎጂ ወይም የስፖርት መምህር ለክፍል ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥሩት

«የማን ልብ ይበልጥ ይመታል?» የሚለው ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ምን ሲሠሩ? የሁለቱ ቡድን ሥራ እኩል ሲሆን ነው ወይስ ሁለቱም አቅማቸውን ሲጨርሱ? መልሱ በዚህ ይለያያል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ልብ እንዴት እንደምትሠራ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ በደቂቃ ስንቴ እንደምትመታና በአንድ ምት ምን ያህል ደም እንደምታስወጣ። የአንድ አዋቂ ሰው ልብ እረፍት ላይ ሆኖ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ቢረጭና በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፣ በደቂቃ 4.9 ሊትር ደም ይዘዋወራል ማለት ነው። ልቡ ትንሽ ከሆነ በአንድ ምት የሚወጣው ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ ያህል ደም ለማድረስ ምቱ መጨመር አለበት።

የአዋቂ ሴቶች ልብ በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠንም ከጉርምስና በኋላ በወንዶች ከፍ ይላል። በዚህ የተነሳ የአዋቂ ሴቶች የእረፍት ምት በደቂቃ በጥቂት ቁጥር ከወንዶች በልጦ ይገኛል። እኩል ሥራ ሲሠሩም ብዙውን ጊዜ የሴቶቹ ምት ከፍ ይላል። በልጅነት ዕድሜ ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው።

አሁን ሁለቱንም አቅማቸው እስኪያልቅ ብታስሮጧቸውስ? ያኔ ልዩነቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል። የልብ ከፍተኛው ምት በዋናነት በዕድሜ ነው የሚገመተው። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለው የታወቀ ግምት ጾታ አይጠይቅም፤ የ16 ዓመት ልጅ ወንድም ይሁን ሴት 204 ገደማ ይደርሳል። ግምት ነው፣ ለአንድ የተወሰነ ልጅ በደንብ ሊስት ይችላል። ግን ነጥቡን ያሳያል፦ የምትመርጡት እንቅስቃሴ መልሱን አስቀድሞ ይወስነዋል።

የኔ ምክር «እኩል ሥራ» የሚለውን መምረጥ ነው። ጥያቄያችሁም እንዲህ ይሁን፦ «ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ ወንድና ሴት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሥራ ለሦስት ደቂቃ ሲሠሩ የልብ ምታቸው በምን ያህል ይጨምራል?» ከጥያቄው ሥር መላምታችሁን ጻፉ። መለካት ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉት። ውጤቱን አይቶ መላምት መጻፍ ማጭበርበር ነው።

ማን ይሳተፍ?

ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 15 ሰው ብታገኙ ጥሩ ነው። አምስት አምስት ሰው ለልምምድ ይሆናል እንጂ ለመደምደሚያ አይበቃም።

ዕድሜ ወሳኝ ነው። ሴቶች ጉርምስና የሚጀምራቸው ከወንዶች ቀደም ብሎ ነው። የ12 ዓመት ልጆችን ከ17 ዓመቶቹ ጋር ካቀላቀላችሁ የምትለኩት ጾታን ሳይሆን ዕድገትን ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ክፍል፣ ቢበዛ በአንድ ዓመት ከሚበላለጡ ልጆች ምረጡ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የስፖርት ልምድ ነው። ፈቃደኛ ጠይቁ ብትባሉ ከወንዶቹ በኩል መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው የእግር ኳስ ቡድኑ ነው። ከሴቶቹ በኩል ደግሞ የቅርብ ጓደኞቻችሁ ይመጣሉ። ያኔ የሠለጠነን ካልሠለጠነ ነው ያወዳደራችሁት። ሥልጠና ልብን ያሰፋል፣ የእረፍት ምትን ዝቅ ያደርጋል። በደንብ የሠለጠኑ የረጅም ርቀት ሯጮች የእረፍት ምት ከ50 በታች ሊወርድ ይችላል። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ከአንድ ቀኑን ሙሉ ፕሌይስቴሽን ላይ ከሚውል ጎረምሳ ጋር ብትወዳደር ውጤቱን ማንም ይገምታል፤ ስለ ጾታ ግን አንዳች ነገር አይነግረንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የክፍሉን ስም ዝርዝር ውሰዱና ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ዕጣ አውጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ትሠራለህ ወይም ትሠሪያለሽ?» መልሱን መዝግቡ። በኋላ ይጠቅማል።

ከቆላ በቅርቡ የመጣ ልጅ ካለም ምልክት አድርጉበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለከፍታ ያልለመደ ሰው ልብ ለተወሰነ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ፈቃድና ጤና

ይህን ክፍል አትዝለሉት። በአገራችን ቶሎ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ በሽታ ያለባቸው ተማሪዎች አሉ፤ አንዳንዱም እንዳለበት አያውቅም። ለወላጅ አጭር ደብዳቤ ላኩ። የልብ ችግር፣ አስም፣ የደም ማነስ፣ ሲሮጡ ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ገጥሞት የሚያውቅ ልጅ በእንቅስቃሴው አይሳተፍ፣ ሰዓት ያዥ ይሁን። ትኩሳት ወይም ጉንፋን የያዘውም ያን ቀን ይቅር።

ጾም ላይ ያለ፣ ያልበላና ያልጠጣ ተማሪንም አታስገቡ። ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከሆነ ቀኑን ቀይሩ፤ የፕሮጀክቱ ቀን ይራዘማል እንጂ ጾሙ አይራዘምም። በሥራው መሃል ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም ዓይኑ የሚጨልምበት ልጅ ወዲያው ያቁም። መምህር በቦታው መኖር አለበት።

መመዝገቢያው ላይ ስም አይጻፍ። ሴ1፣ ሴ2፣ ወ1፣ ወ2 እያላችሁ ቀጥሉ። የአንዱ ልጅ ቁጥር ከፍ ሲል ክፍሉ ውስጥ መሳቂያ እንዳይሆን ነው።

እንቅስቃሴው፦ ደረጃ መውጣትና መውረድ

ሜዳ መሮጥ አልወደውም። ወንዶቹ ለመታየት ይፈተለካሉ፣ አንዳንዷ በዩኒፎርም ቀሚስ ነው የምትሮጠው፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር የለም። ደረጃ ግን ቁመቱ ይታወቃል፣ ፍጥነቱም በጭብጨባ ይያዛል።

በዓለም የታወቁ የደረጃ ፈተናዎች አሉ። በ1943 እ.ኤ.አ. የታተመው የሃርቫርድ ፈተና 50.8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ያስወጣል። ለተማሪ ከባድ ነው። የኩዊንስ ኮሌጅ ፈተና 41.3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ለሦስት ደቂቃ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ሴቶችን በደቂቃ 22፣ ወንዶችን 24 ጊዜ ነው የሚያስወጣው። ፈተናው የተሠራው የእያንዳንዱን ሰው ብቃት ለመገመት ስለሆነ ለዚያ ምንም አይደለም። እናንተ ግን ወስዳችሁ ወንድና ሴት ብታወዳድሩበት ሥራው ከመጀመሪያውም እኩል አይደለም።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው የዋይኤምሲኤ ፈተና ነው። ከፍታው 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 24 ጊዜ፣ ጊዜው ሦስት ደቂቃ፤ ለሁሉም አንድ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የሲሚንቶ ደረጃ ፈልጉና በሜትር ለኩት። 28 ወይም 32 ቢሆንም ችግር የለም፤ ሁሉም በዚያው በአንዱ ይሥራ፣ ቁመቱም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። የሚነቃነቅ አግዳሚ ወንበር ግን አትጠቀሙ።

አንድ ዙር አራት እርምጃ አለው፦ ቀኝ እግር ወደ ላይ፣ ግራ ወደ ላይ፣ ቀኝ ወደ ታች፣ ግራ ወደ ታች። በደቂቃ 24 ዙር በአራት ሲባዛ 96 ነው። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም የሚባለውን፣ እኩል ምት የሚያሰማ መተግበሪያ አውርዱና በደቂቃ 96 ምት ላይ አድርጉት። ድምፁ ሜዳ ላይ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ልጅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ያጨብጭብ። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ከበሮ ካለው ደግሞ ከጭብጨባ ይሻላል፣ ልጆቹም ይነቃቃሉ። ከምቱ የሚቀድምን ወይም የሚዘገይን ልጅ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያስተካክል።

ሁሉም የስፖርት ልብስና ሸራ ጫማ ያድርግ።

ምት መቁጠር መልመድ

ጥናቱ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው።

የግራ እጅ መዳፍ ወደ ላይ ይዙር። የቀኝ እጃችሁን ጠቋሚና መሃል ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ አሳርፉ። ከአጥንቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። በጣም ከተጫናችሁ ትርታው ይጠፋል፣ ካላላችሁትም አይሰማም። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው የማን እንደሆነ ይምታታባችኋል። አንጓ ላይ ያጣ ሰው አንገት ላይ፣ ከጉሮሮ በጎን በኩል ሊሞክር ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ፣ ቀለል አድርጎ። ሁለቱንም በአንዴ መጫን አደገኛ ነው።

ሰዓት ያዡ «ጀምር» ሲል የመጀመሪያው ትርታ «አንድ» ተብሎ ይቆጠራል። ሰዓቱን የምታስነሡት ግን ራሱ ትርታው ሲመታ ከሆነ ያ ትርታ «ዜሮ» ነው። የትኛውንም ምረጡ፣ ሁሉም ቆጣሪ አንድ ዓይነት ይከተል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ያዙ። ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት ስታባዙ የአንድ ትርታ ስህተት የአራት ምት ስህተት ይሆናል። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት ብታባዙ ሁለት ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ 30 አንቆጥርም? ከእንቅስቃሴ በኋላ ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ ነው። 30 ሰከንድ ስትቆጥሩ መጀመሪያ ላይ የነበረው ፍጥነት መጨረሻ ላይ የለም። ስለዚህ ከእንቅስቃሴ በፊት 30 ሰከንድ፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ 15 ሰከንድ ቁጠሩ።

ከመለኪያው ቀን በፊት ቆጣሪዎቹን ፈትኑ። ሁለት ልጆች የአንድን ጓደኛቸውን ግራና ቀኝ እጅ ይዘው በአንድ ጊዜ ይቁጠሩ፣ ቁጥራቸውን ሳይነጋገሩ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ከሁለት በላይ ከተለያዩ ልምምዱ ይቀጥላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ሴቶቹ በሴት፣ ወንዶቹ በወንድ ቆጣሪ ቢያዙ ይመቻቸው ይሆናል፤ ያ ተገቢ ነው። ግን አንዱ ቆጣሪ ሁልጊዜ አብዝቶ የሚቆጥር ከሆነ የእሱ ስህተት የጾታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። አስቀድሞ መፈተን ከዚህ ያድናችኋል።

ስማርት ሰዓትስ? ካላችሁ ተጠቀሙ፣ ግን አንዱ ሰዓት ለሁሉም ይዙር። ግማሹን በሰዓት፣ ግማሹን በጣት ማድረግ አይሆንም። ጣት ላይ የሚሰካ ኦክሲሜትርም (በብርሃን የደም ኦክስጅንና የልብ ምት የሚለካ መሣሪያ) ይሠራል። ነገር ግን የጥፍር ቀለምና ሂና ብርሃኑን ሊከልሉበት ይችላሉ። ቀለም የሚቀቡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸውና ስህተቱ በአንድ ወገን ላይ ብቻ ይከመራል።

የመለኪያው ቀን

1. ሁሉንም በተመሳሳይ የቀን ክፍል ለኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንዶች፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲከር ሴቶች ቢለኩ ሙቀቱን ለካችሁ ማለት ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት እያላችሁ ብታፈራርቁ ይሻላል።

2. ያን ቀን ጠዋት ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ቢያንስ ከመለካቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሩጫና ኳስ አይኑር። ዘግይቶ እየሮጠ በር የደረሰ ልጅ መጨረሻ ላይ ይለካ።

3. ተሳታፊው ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። አያውራ፣ አይሳቅ፣ ስልክ አይነካ። ከዚያ 30 ሰከንድ ቁጠሩ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ድገሙት። የሁለቱን አማካይ «በፊት» በሚለው አምድ ጻፉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ካነሰ ልጁ ገና አልተረጋጋም፤ ሦስተኛ ቁጠሩ። ሰው ሊለካ መሆኑን ሲያውቅ ልቡ ይመታል፤ ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው።

4. አንድ አስር ሰከንድ ያህል ደረጃውን ይለማመድ፣ እንደገና ይረጋጋ፣ ከዚያ ከጭብጨባው ጋር ሦስት ደቂቃ ይሥራ።

5. «አቁም» ሲባል ወዲያው ይቀመጥ። ቆጣሪው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ትርታውን አግኝቶ ለ15 ሰከንድ ይቁጠር። ትርታ ፍለጋ ግማሽ ደቂቃ ከጠፋ ያን ልጅ ሌላ ቀን ድገሙት። በግምት አትሙሉ።

6. ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ላይ እንደገና 15 ሰከንድ ቁጠሩ። ምቱ ወደ ቦታው የሚመለስበት ፍጥነት ስለ ብቃት ብዙ ይናገራል፤ ለኔ ከሁሉም አምዶች የሚጥመው ይኸኛው ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ለማሳያ ያህል ራሴ የፈጠርኳቸውን ቁጥሮች ልጠቀም። የእውነት ልኬት አይደሉም።

የአምስት ሴቶች ምት ከእንቅስቃሴ በፊት 78፣ 84፣ 80፣ 92፣ 76፤ አማካዩ 82። በኋላ 136፣ 148፣ 132፣ 160፣ 124፤ አማካዩ 140። የአምስት ወንዶች በፊት 72፣ 80፣ 76፣ 88፣ 74፤ አማካዩ 78። በኋላ 128፣ 140፣ 124፣ 160፣ 128፤ አማካዩ 136።

ችኩል ቡድን «የሴቶች 140፣ የወንዶች 136፣ የሴቶች በለጠ» ይላል። ቀስ ብለን እንይ። የሴቶቹ ጭማሪ 140 ሲቀነስ 82፣ 58 ነው። የወንዶቹም 136 ሲቀነስ 78፣ 58 ነው። እንቅስቃሴው ሁለቱንም እኩል ነው ያስጨመራቸው። በኋላ የታየው የአራት ልዩነት ከመጀመሪያውም ነበረ። ለዚህ ነው የእያንዳንዱን ልጅ ጭማሪ ለብቻ አስልታችሁ አንድ አምድ መስጠት ያለባችሁ።

ያች አራት ደግሞ ምን ያህል ናት? በ15 ሰከንድ ቆጠራ የአንድ ትርታ ስህተት ናት። ስፋቱንም ተመልከቱ፦ ሴቶቹ ከ124 እስከ 160፣ ወንዶቹም ከ124 እስከ 160። አማካይ ብቻ የሚያሳይ የአምድ ግራፍ ይህን ይደብቃል። ስለዚህ በካሬ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ነጥብ አድርጉ፣ ሴቶች በአንድ መስመር፣ ወንዶች በሌላ። ሁለቱ የነጥብ ክምችቶች ምን ያህል እንደሚደራረቡ በዓይን ይታያል።

ልዩነቱ እንዲያው የመጣ ቢሆንስ?

ይህን ያለ ኮምፒውተር መፈተን ይቻላል። አሥሩን የ«በኋላ» ቁጥሮች በአሥር ብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ጾታ አትጻፉ። ኮፍያ ውስጥ ቀላቅሉ፣ አምስቱን በዘፈቀደ አውጡ፣ የአምስቱንና የቀሩትን አማካይ አስሉ፣ ልዩነቱን መዝግቡ። መልሱና ድገሙ። ክፍሉን በቡድን ብትከፋፍሉት 50 ጊዜ መድገም ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም።

አሁን ጠይቁ፦ ከ50ው ስንቱ ላይ ልዩነቱ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሆነ? በእኔ ምሳሌ ቁጥሮች ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ ጾታን ጭራሽ ሳናውቅ በዕጣ ብቻ አራትና ከዚያ በላይ የሚመጣ ከሆነ፣ የኛ አራት ምንም አላረጋገጠችም። ከ50ው በሁለቱ ወይም ባነሰው ብቻ የሚመጣ ልዩነት ብታገኙ ግን በአጋጣሚ መጣ ለማለት ይከብዳል። ለእናንተ 30 ሰውም አሠራሩ ያው ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ይበዛል።

ሪፖርቱ ላይ

የደረጃውን ቁመት፣ የጭብጨባውን ፍጥነት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተሳታፊዎችን ዕድሜና ቁጥር ጻፉ። ያቋረጠ ልጅ ካለ «አንድ ተሳታፊ አቋርጧል» በሉ እንጂ አትሰርዙት። አጭር ልጅ ለዚያው ደረጃ ከረጅሙ ይበልጥ ጉልበቱን እንደሚያጥፍ፣ ወንዶቹ በአማካይ ረዝመው ከሆነም ይህ ውጤቱን ሊነካ እንደሚችል ጥቀሱ። «የሴቶች ልብ ደካማ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ቦታ የለውም። ከፍ ያለ ምት ማለት በአንድ ምት የሚወጣው ደም ማነሱን ሊያመለክት ይችላል እንጂ ድካምን አያሳይም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወረቀቶቹን እንደገና አውጡ። አሁን በወንድና በሴት ሳይሆን በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ስፖርት በሚሠሩና በማይሠሩ ከፍላችሁ ያንኑ ስሌት ድገሙ፣ በተለይ በ1ኛውና በ2ኛው ደቂቃ ላይ የተቆጠረውን። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ለጥፏቸውና የትኛው አከፋፈል ነጥቦቹን ይበልጥ እንደለየ ለመምህሩ አሳዩ።